የማውስ የጎን በተን ኡቡንቱ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ መቀያየሪያ ይሆናል ወይ?

ራፖር_ጸሐፊዋ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለቤቱ። ቀድሜ ልናገር፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አቤቱታ፣ ውል፣ ውክልና እጽፋለሁ፣ እተረጉማለሁም። ላፕቶፔ እየተንቀራፈፈ አላሰራ ሲለኝ ወንድሜ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጫነልኝ፣ አማርኛውንም አይባስ (የቋንቋ መጻፊያው ፕሮግራም) ላይ ሴራ የሚባለውን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስመታ አማርኛ የሚያወጣውን፣ አስገባልኝ (ስሙ ሴራ መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል)። ከዛ ወዲህ ፈጥኗል፣ እግዜር ይስጠው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ቋንቋ እየደባለቅኩ ነው የምውለው፣ ስም በሁለቱም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የድርጅት ስም፣ ኢሜይል፣ ለእያንዳንዷ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍና ስፔስን አብሬ ስጫን ውዬ ማታ የግራ እጄ ትንሿ ጣት ትጠዘጥዘኛለች። አንድ ደንበኛዬ የማውስ የጎን በተን ላይ አድርጊው አይከብድም አለኝና ከመርካቶ ሰባት በተን ያለው መብራቱ የሚንቦገቦግ የጌም ማውስ ገዛሁ፣ ስም የለውም፣ ዘንዶ ብቻ አለበት። ቪዲዮ አይቼ ኤክስባይንድኪስ የሚባል ለበተን ሌላ ስራ የሚሰጥ ነገር ጫንኩ፣ ፋይሉን እንዳሳየው አድርጌ ጻፍኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ምንም። ግን ፋየርፎክስ ላይ ያቺኑ በተን ስጫናት ገጹን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ ስለዚህ አልሞተችም። ምን አጠፋሁ?

(ኮማንድ ስትጽፉልኝ በፊደል ጻፉልኝ፣ ከስልክ ነው የማነበው፣ እንደሚነበበው ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ።)

የድሮ_ኡቡንቱ · ሰኞ ማታ 3፡02

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ከ10.04 ጀምሮ እዚሁ ነኝ፣ ኤክስባይንድኪስን ስንት ዓመት ተጠቅሜዋለሁ። የተሳሳትሽው ቁጥሩ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ግራ 1፣ መሀል 2፣ ቀኝ 3፣ ስለዚህ የጎኑ 4 ነው ብሎ ይገምታል። አይደለም። 4 እና 5 ጎማዋ ወደ ላይና ወደ ታች ስትዞር ነው፣ 6 እና 7 ወደ ጎን ስትገፋ ነው፣ ለአውራ ጣት የተረፉት 8 እና 9 ናቸው፣ 8 ወደ ኋላ 9 ወደ ፊት።

ተርሚናል ከፍተሽ ኤክስኢቪ በይ። ነጭ ሳጥን ይመጣል፣ ቀስቱን እሱ ላይ አድርገሽ በተኑን ተጫኚው፣ ቁጥሩን ይነግርሻል። ያንን ቁጥር ፋይሉ ላይ ቢ ብለሽ ሁለት ነጥብ አድርገሽ ጻፊው። ቪዲዮ ሰሪዎቹ 4 ብለው ሰውን ያሳስታሉ።

ራፖር_ጸሐፊዋ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ሞከርኩት። ፋይሉ ላይ እውነትም 4 ነበር የጻፍኩት፣ ወደ 8 ቀየርኩት። ነጩ ሳጥን ላይ ስጫን 8 ይላል። ከሳጥኑ ስወጣ ግን ጭጭ። ሰነዱ ላይ ሆኜ ስጫነው ቋንቋው ንቅንቅ አይልም።

ከርነል_በጠዋት · ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

"ከሳጥኑ ስወጣ ጭጭ" ያልሻት ነገር መልሱን ይዛዋለች። ሴቲንግ ክፈቺ፣ ሲስተም፣ ከዛ አባውት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ዊንዶዊንግ ሲስተም የሚል አለ። ምን ይላል?

ራፖር_ጸሐፊዋ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡31

ዌይላንድ ይላል

ከርነል_በጠዋት · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

በቃ አገኘነው። ሻይ ይዤ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም።

ክሊክሽ መንገድ ይሄዳል። ከማውሱ ተነስቶ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ጋ ይደርሳል፣ ከርነሉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሊብኢንፑት የሚባለው ይረከበውና ለዴስክቶፑ (ያንቺ ጂኖም ነው) ያቀብለዋል፣ ዴስክቶፑ ደግሞ ቀስቱ ላረፈበት ፕሮግራም ይሰጠዋል። ማውስ እንቢ ሲል የምትጠይቂው ጥያቄ አንድ ነው፣ ክሊኩ የትኛው ፌርማታ ላይ ወረደ? ይሄን ሳያውቁ ፕሮግራም መጫን ምጥ ሳይኖር አዋላጅ መጥራት ነው።

መስኮቶቹን ያስተዳድር በነበረው በድሮው ኤክስ ጊዜ ዴስክቶፑ አጥር የሌለው ግቢ ነበር። ማንም ፕሮግራም ጥግ ይዞ የሌላውን ክሊክና የምትተይቢውን ሁሉ ማዳመጥ ይችላል፣ ፓስወርድ ሳይቀር። ኤክስባይንድኪስ የሚኖረው በዚህ ነው፣ ጥግ ይዞ 8 ስትመጣ ቀልቦ በምትኩ ሌላ ነገር ያስተኩሳል። ኤክስን የተካው ዌይላንድ አጥር አጠረ፣ ክሊኩ የሚሰጠው ለተጫንሽበት መስኮት ብቻ ነው፣ ሌላው አይሰማም። ኤክስኢቪ 8 ያለሽ ራሱ የኤክስ ፕሮግራም ስለሆነና ሳጥኑ የራሱ ስለሆነ ነው። የማውስና የኪቦርድ ዝርዝር ለማየት ኤክስኢንፑት ሊስት ብትይም የዘንዶሽን ስም አታገኚውም፣ ኤክስዌይላንድ-ፖይንተር የሚል ጭምብል ነው የሚያሳይሽ፣ እሱ ላይ የምትቀይሪው ሴቲንግ የትም አይደርስም።

ስለዚህ አንቺ ያጠፋሽው የለም፣ ቪዲዮው ነው ያረጀው። መፍትሄው ከዴስክቶፑ በታች፣ ከርነሉ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚቀይር መሳሪያ ነው። መጀመሪያ ግን የትኛው በተን ምን እንደሚልክ እንይ። ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኢቪቴስት፣ ከዛ ሱዶ ኢቪቴስት። የዕቃ ዝርዝር ያወጣልሻል፣ ርካሽ የጌም ማውስ ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ሁለት ሶስት ቦታ ይመዘገባል፣ አንዱ ማውስ ሌላው ኪቦርድ ሆኖ። አንዱን መርጠሽ ዝም ካለ ሌላውን ሞክሪ። ሰባቱንም ተራ በተራ ተጭነሽ የሚለውን ጻፊልን።

የድሮ_ኡቡንቱ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡40

ከዚህ ሁሉ ጣጣ፣ ኮምፒውተሯ ፓስወርድ ሲጠይቃት ስሟን ከነካች በኋላ ታች በቀኝ በኩል ካለችው የጥርስ ጎማ ምልክት ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ (የድሮውን ኤክስ) ብትመርጥ ኤክስባይንድኪስ ወዲያው ይሰራላታል፣ ሁለት ደቂቃ።

ከርነል_በጠዋት · ማክሰኞ ጠዋት 3፡52

24.04 ላይ ልክ ነህ፣ ይሰራል። ግን ከ25.10 ጀምሮ ኡቡንቱ ያንን ምርጫ ከጂኖሙ አውጥቶታል፣ ጂኖም ራሱ 49 ላይ የኤክስን ሰሽን ዘግቶ ነው የወጣው። ወንድሟ አፕግሬድ ባደረገላት ቀን ይሄንኑ ጥያቄ ይዛ ተመልሳ ትመጣለች። ሊፈርስ ምልክት በተደረገበት ቤት አጥር አታሳጥራት።

የድሮ_ኡቡንቱ · ማክሰኞ ጠዋት 4፡01

ይሁን። እኔ ግን አጥር የሌለው ግቢ ይናፍቀኛል፣ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ይገባ ነበር

ራፖር_ጸሐፊዋ · ማክሰኞ ቀን 7፡20

በምሳ ሰዓት ሰራሁት። የመጀመሪያው ዝርዝር ዝም አለኝ፣ ሁለተኛው ነው የመለሰ። የጎኖቹ ሁለቱ፣ የኋላዋ 275 ቢቲኤን ሳይድ፣ የፊቷ 276 ቢቲኤን ኤክስትራ። ከጎማዋ በታች ያለችው (ስጫናት ቀስቱ የሚፈጥነውና የሚዘገየው) ምንም አትልም፣ አንድ መስመር እንኳን። ደግሞ ከግራ ክሊክ አጠገብ ቀይ ፋየር የሚል የተጻፈባት አለች፣ እሷ 272 ትላለች፣ ሶስት ጊዜ ተከታትሎ። 272 ደግሞ የግራ ክሊኩም እኮ ነው። ተበላሽታ ነው?

ከርነል_በጠዋት · ማክሰኞ ቀን 8፡00

አልተበላሸችም፣ ስራዋ ነው። ፋየር ማለት በጌም ላይ ሶስት ጥይት ለመተኮስ ማውሱ ራሱ ውስጥ የግራ ክሊክን ሶስቴ የሚደግም ነው፣ የራሷ ማንነት የላትም። ሊኑክስ እሷን ከግራ ክሊክ መለየት አይችልም፣ ዊንዶውስም አይችልም። የፍጥነቷ በተን ደግሞ ጉዳይዋን ማውሱ ውስጥ ጨርሳ ነው የምትቀረው፣ ወደ ኮምፒውተሩ የምትልከው ስለሌላት የምንጠልፈው ነገር የለም። ሰባት በተን ብለው የሸጡልሽ በቁም ነገር አምስት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ አንዳንድ ማውስ የራሱ ሚሞሪ አለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራሙን የሰው ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ በተኑን ሌላ ቁልፍ አድርገሽ ሴቭ ካደረግሽ ማውሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዛ ሊኑክስ ላይ ስትሰኪው እንዳስተማርሽው ይሰራል። ያንቺ እንደዛ መሆኑን ግን በዘንዶ ብቻ መናገር አይቻልም።

275 እና 276 ግን ንጹህ ናቸው፣ ለአንቺ ይበቃሉ።

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኢንፑት-ሪማፐር በይ፣ መሀል ላይ ሰረዝ አለው። ከፍተሽ ማውስሽን ምረጪ፣ አዲስ ፕሪሴት (የምትቀይሪው የሚቀመጥበት) ፍጠሪ፣ ሪከርድ ስትይ የጎኗን በተን ተጫኚያት፣ ውጤት ከሚለው ጋ ሱፐር ስር-ሰረዝ ኤል (ያቺው የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት)፣ ከዛ የመደመር ምልክት፣ ከዛ ስፔስ ብለሽ ጻፊ። ኤስ እና ኤሏ በትልልቁ ናቸው፣ ስፔስ በትንንሹ። አፕላይ።

ይሄ መሳሪያ ማውሱን ከርነሉ ጋ ይጠልፈውና በምትኩ አንድ የውሸት ማውስና አንድ የውሸት ኪቦርድ ይፈጥራል። ጂኖም እውነተኛ ኪቦርድ ላይ የተጫንሽ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ዌይላንድም ይሁን ኤክስ ግድ የለውም።

ራፖር_ጸሐፊዋ · ማክሰኞ ማታ 12፡50

ሰራራራራ!!! አንዴ ጫን አማርኛ፣ አንዴ ጫን እንግሊዝኛ። ዛሬ ከሰዓት አንድ የሽያጭ ውል በሁለት ቋንቋ ጨረስኩ ትንሿ ጣቴ አርፋ ነው የዋለችው። ከርነል_በጠዋት ተባረክ፣ የድሮ_ኡቡንቱም የ8 ቁጥሯን ነገር ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ሚኒሶታ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 12፡30

እዚህ ማታ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ክሩን ሳነብ አመሸሁ። አይባስ ላይ ሴራ ጭነው የሚኖሩበት አገር ልጅ ነኝ ብዬ ነገ ቢሮ እናገራለሁ 😂

የኔ ሎጂቴክ ኤምኤክስ ማስተር 3 ነው። የጎን ሁለቱ ይሰራሉ፣ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ክንፉ ውስጥ የተደበቀው ጀስቸር የሚሉት በተን ነው ያስቸገረኝ። ዊንዶውስ ላይ ይዤው ማውሱን ወደ ጎን ሳንሸራትት ዴስክቶፕ ይቀይርልኝ ነበር። ፓይፐር የሚባለውን ሞክር ብለውኝ ነበር፣ ምን ትላላችሁ?

ከርነል_በጠዋት · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ፓይፐር ሴቲንግን ማውሱ ሚሞሪ ውስጥ ለመጻፍ ነው፣ ዋና ቤቱ እንደ ሎጂቴክ ጂ ያሉ የጌም ማውሶች ናቸው፣ እነሱ ላይ ግሩም ነው፣ አንዴ ካስቀመጥክ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ይከተልሃል። ይዞ ማንሸራተት ግን ማውሱ ብቻውን የሚጨርሰው ነገር አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚከታተል ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ዊንዶውስ ላይም የሚሰራልህ የሎጂቴክ ኦፕሽንስ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለሊኑክስ የለም። ለሎጂቴክ ዕቃ የተሰሩ ሁለት ፕሮግራሞች አሉልህ፣ ሶላርና ሎጂኦፕስ። ሶላር መስኮት አለው፣ እዛ ውስጥ በተኑን ዳይቨርት አድርገህ ማውስ ጀስቸር ትለዋለህ፣ ከዛ ሩል ትጽፍለታለህ። ሎጂኦፕስ ደግሞ መስኮት የለውም፣ ኢቲሲ ስር ሎጂድ ነጥብ ሲኤፍጂ የሚባል ፋይል ላይ ትጽፋለህ፣ ያቺ የተደበቀችው በተን ቁጥሯ ዜሮ ኤክስ ሲ3 ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትጭናቸው፣ አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ያፈርሰዋል፣ እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አቃጥዬበታለሁ።

ዌይላንድ ላይ ከሆንክ የሶላር ሩሎች ቁልፍ እንዲጫኑልህ ለዩኢንፑት (የውሸት ቁልፍ መምቻው) ፈቃድ የሚሰጠው የዩዴቭ ሩል (ሲስተሙ ስለ ዕቃዎች የሚያነበው ደንብ) መኖር አለበት። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ምንም ካልተጫነልህ መጀመሪያ እሱን እይ።

ሚኒሶታ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 1፡40

ሶላር በቃኝ። ዩዴቭ ሩሉ አልነበረም እውነትም፣ አስገባሁት፣ ሰራ። አሁን ወደ ቀኝ ሳንሸራትት ወደ ግራ ይሄዳል እንጂ ደህና ነው፣ ነገ አስተካክለዋለሁ ልተኛ

ፌዶራ_ቡና · ረቡዕ ጠዋት 3፡30

ኬዲኢ (ከጂኖም ሌላ የሆነ ዴስክቶፕ) ተጠቃሚዎች ይሄን ሁሉ ሳትጭኑ እለፉ። ከፕላዝማ (የኬዲኢው ዴስክቶፕ ስም) 5.26 ጀምሮ ዌይላንድ ላይ ሲስተም ሴቲንግ፣ ማውስ የሚለው ገጽ ውስጥ ትርፍ በተኖችን ወደ ኪቦርድ ቁልፍ መቀየሪያ አለ። በተኑን ጫን፣ የምትፈልገውን ቁልፍ ጫን፣ አለቀ። ጂኖም ደግሞ እስኪጨምረው ድረስ ቡና እየጠጡ መጠበቅ ነው።

የድሮ_ኡቡንቱ · ረቡዕ ጠዋት 3፡45

ኬዲኢ ሴቲንግ ውስጥ ያንን ገጽ ፈልጎ እስኪያገኝ ጂኖም ይጨምረዋል 😄

ራፖር_ጸሐፊዋ · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትናንት ማታ መብራት ጠፋ፣ ባትሪውም የድሮ ነው፣ ጠፋብኝ። ዛሬ ስከፍተው በተኗ ወደ ድሮ ጸባይዋ ተመልሳለች፣ ገጽ ወደ ኋላ ብቻ። ኢንፑት-ሪማፐርን ከፍቼ አፕላይ ስለው እንደገና ይሰራል። ከዛ ላረጋግጥ ብዬ ኢቪቴስት ብለው ማውሱ በሙሉ ጭጭ፣ የግራ ክሊኩ እንኳን አይወጣም፣ ግን ማውሱ እየሰራ ነው! ደንግጬ ነቀልኩት።

ከርነል_በጠዋት · ሐሙስ ጠዋት 2፡45

አትደንግጪ፣ ሁለቱም መልስ አላቸው። አንደኛው፣ ፕሪሴቱ አጠገብ አውቶሎድ የምትል ማብሪያ አለች፣ እሷን ካላበራሽ በተነሳ ቁጥር ራስሽ አፕላይ ማለት አለብሽ። ሁሉም ሰው ይረሳታል፣ እኔም ረስቻታለሁ።

ሁለተኛው፣ ኢንፑት-ሪማፐር ማውሱን ለብቻው ይይዘዋል ብዬሽ ነበር። ስለዚህ ኢቪቴስት እውነተኛውን ማውስ ስትመርጪ ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ብሎ ያስጠነቅቅሽና ዝም ይላል። መስመሩ በጥድፊያ ስላለፈ ሳታይው ቀርተሽ ነው። ዝርዝሩን ወረድ ብለሽ ብታዪ በኢንፑት-ሪማፐር ስም የሚጀምር፣ መጨረሻው ፎርዋርድድ የሚል ሌላ ማውስ አለ፣ ክሊኮችሽ አሁን በሱ በኩል ነው የሚያልፉት።

ብየዳ · ሐሙስ ቀን 9፡10

እኔ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ፣ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ሆዱን ነው የማውቀው። ማውስ የጎን በተኑ አልሰራም ብሎ ሊኑክሱን ሶስቴ ያስጫነ ልጅ መጥቶልኝ ያውቃል። ኢቪቴስት ላይ ምንም ካላለ ከሊኑክስ ጋር አትጣሉ፣ ክፈቱት። የጎን በተኖቹ ብዙ ጊዜ ለብቻ ትንሽ ቦርድ ላይ ናቸው፣ ከዋናው ጋር በቀጭን ሪባን ነው የሚገናኙት፣ ሪባኗ ትላቀቃለች፣ መልሶ መግፋት ብቻ ነው። ስዊቹ ካለቀም፣ መጠኑ ከገጠመ፣ ከሞተ ማውስ ላይ የቀኝ ክሊኩን ነቅላችሁ ብየዳ ነው፣ የቀኝ ክሊክ ብዙ አይመታም፣ አዲስ ማለት ነው። ስትከፍቱ ብሎኑ ብዙ ጊዜ ከታች ተለጥፎ ያለው ተንሸራታች ፕላስቲክ ስር ነው፣ እሱን ሳታዩ በቢላ አትፈልቅቁት።

አሁን የኔ ጥያቄ። የራሴ ማውስ የጎማው ክሊክ ሞቷል፣ ምንም አይልክም፣ ስዊቹም ለጊዜው የለኝም። የጎኑን የመሀል ክሊክ ላድርገው፣ ግን ለዚች ብዬ ሁሌ የሚሰራ ፕሮግራም አልፈልግም፣ ማሽኔ 2 ጂቢ ራም ነው።

ከርነል_በጠዋት · ሐሙስ ቀን 9፡50

ለአንተ የሚሆነው ኤችደብሊውዲቢ (ሲስተሙ የዕቃዎችን መረጃ የሚይዝበት መዝገብ) ነው፣ ምንም ፕሮግራም አይሮጥም፣ ማውሱ ሲሰካ ዩዴቭ ለከርነሉ "ይሄን ቁጥር እንዲህ በለው" ብሎ ነግሮት ይሄዳል። ዌይላንድም ኤክስም ላይ እኩል ይሰራል።

ኢቪቴስት ላይ የጎኑን ስትጫን ከኮዱ ቀድማ ኤምኤስሲ ስካን የምትል መስመር አለች፣ ቫሊዋ አብዛኛው ማውስ ላይ 90004 ነው። እሷን ያዝ። ኤልኤስዩኤስቢ ብለህ የማውሱን ሁለት ባለ አራት አሃዝ መለያ ውሰድ። ከዛ ኢቲሲ፣ ዩዴቭ፣ ኤችደብሊውዲቢ ነጥብ ዲ ውስጥ በ70 የሚጀምር ስም ያለው ፋይል ፍጠር። ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኢቪዴቭ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኢንፑት፣ ሁለት ነጥብ፣ ቢ0003፣ ቪ እና የመጀመሪያው መለያ፣ ፒ እና ሁለተኛው መለያ፣ መጨረሻ ላይ ኮከብ። ሁለተኛው ኪቦርድ ስር-ሰረዝ ኪ ስር-ሰረዝ 90004፣ እኩል ይሆናል፣ ቢቲኤን ስር-ሰረዝ ሚድል።

ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች አሉ። መለያው ውስጥ ያሉት ፊደሎች ትልልቁ መሆን አለባቸው፣ ኤልኤስዩኤስቢ ደግሞ በትንንሹ ነው የሚሰጥህ። ሁለተኛው መስመር ደግሞ አንድ ባዶ ስፔስ ይዞ መጀመር አለበት፣ ያቺን ስፔስ ከረሳህ ምንም አይሰራም። ሲያልቅ ሱዶ ሲስተምዲ-ኤችደብሊውዲቢ አፕዴት፣ ከዛ ሱዶ ዩዴቭአድም ትሪገር።

ብየዳ · ሐሙስ ማታ 1፡05

ስፔሷን ረስቻት ነበር 😂 አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ከዛ መልሼ ሳነብህ አገኘኋት። ሰራ። ስዊቹ ሲመጣም አልነካውም መሰለኝ፣ አውራ ጣት ለመሀል ክሊክ የተፈጠረ ነው።

ራፖር_ጸሐፊዋ · ዓርብ ጠዋት 4፡15

ይሄን ክር የምዘጋው መስሎኝ ነበር፣ አልሆነም። ዛሬ ወንድሜ በስልክ እየነገረኝ ተርሚናል ላይ አፕዴት ላደርግ ነው፣ ሱዶ በይ አለኝ፣ ተየብኩ፣ ኢንተር። "ኮማንዱ የለም" አለኝ። እንደገና በይ አለኝ፣ እንደገና የለም። ሱዶ እንዴት ይጠፋል፣ ማሽኑን ምን አደረግሽው ብሎ ጮኸብኝ፣ ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳይ ለካ በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ ሱዶ፣ ሱ ካዕብ፣ ዶ ሳብዕ፣ ቁልጭ ብሎ 😭 ማውሱን ስጨብጠው አውራ ጣቴ ሳላውቀው ተጭናው ነው። ሴራ እኮ ተባባሪ ነው፣ ኤስ ዩ ስትለው ሱ፣ ዲ ኦ ስትለው ዶ፣ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም።

አቤቱታም ላይ ሁለቴ ደርሶብኛል፣ የደንበኛ ኢሜይል በአማርኛ ፊደል ወጥቶ። ምን ላድርግ?

ሚኒሶታ_ልጅ · ዓርብ ጠዋት 4፡22

ሱዶን በግዕዝ ያስነሳች የመጀመሪያዋ ሴት

የድሮ_ኡቡንቱ · ዓርብ ጠዋት 4፡40

ይሄን እኔ ልመልስ፣ ከዌይላንድ ጋር የማይገናኝ ነገር ተገኘ። ሴቲንግ፣ ኪቦርድ፣ እዛ ኢንፑት ሶርስ ስዊቺንግ የሚል አለ፣ "ለሁሉም መስኮት አንድ አይነት" የሚለው ላይ ነው ያለሽ። ሁለተኛውን ምረጪ፣ ለየመስኮቱ ለብቻው የሚለውን። ከዛ ሊብሬኦፊስ (ሰነድ የምትጽፊበት) አማርኛ ላይ ቢሆንም ወደ ተርሚናል ስትዞሪ ተርሚናሉ የራሱን እንግሊዝኛ ይዞ ይቆይሻል። በስህተት ብትጫኚም ያለሽበት መስኮት ብቻ ነው የሚነካው።

ደግሞ ከኋላዋ 275 አንሺና የፊቷ 276 ላይ አድርጊው። ማውስ ስንጨብጥ አውራ ጣት የሚያርፈው የኋላዋ ላይ ነው፣ የፊቷን ለመጫን ዘርጋ ማለት ያስፈልጋል፣ በስህተት አትነካም።

ራፖር_ጸሐፊዋ · ዓርብ ቀን 8፡30

ሁለቱንም አደረግኩ። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጊዜ አልሳትኩም። ስለዚህ አሁን የኋላዋ በተን ስራ ፈታለች። ካስቸገርኳችሁ አይቀር፣ አራት ነጥብ ማድረግ ይቻላል? ለአንዲት አራት ነጥብ ሺፍት ይዤ ሁለት ነጥቧን ሁለቴ መምታት አለብኝ፣ በቀን ስንት እንደምመታት እናንተ ገምቱ።

ከርነል_በጠዋት · ዓርብ ቀን 9፡00

ይቻላል። ኢንፑት-ሪማፐር ላይ የ275ን ውጤት ማክሮ አድርጊው፣ ሺፍት ይዞ ሰሚኮለንን ሁለት ጊዜ እንዲመታ፣ ማለትም ሪፒት 2፣ ውስጡ ሞዲፋይ ሺፍት ስር-ሰረዝ ኤል፣ ውስጡ ኪ ሰሚኮለን፣ ቅንፎቹን በቅደም ተከተል መዝጋት እንዳትረሺ። መሳሪያው ራሱ አራት ነጥቧን አያውቃትም፣ ጣትሽ የምትመታውን ነው የሚመታልሽ፣ የሚቀይራት ሴራው ነው። ስለዚህ አማርኛ ላይ ስትሆኚ ። ትወጣለች፣ እንግሊዝኛ ላይ ስትሆኚ ሁለት ኮለን ትወጣለች። ቢያንስ የትኛው ላይ እንዳለሽ ትነግርሻለች።

ራፖር_ጸሐፊዋ · ዓርብ ማታ 12፡10

እነሆ በአውራ ጣቴ ።።።።።።።።